«ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ያሉት ግን አይገባኝም» — ስለ ጃፓናዊት ባለቤቱ እንግሊዝኛ ለጠየቀን ወንድም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቶኪዮ ነው። ባለቤቴ ጃፓናዊት ናት። ቶኢክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ከ990 870 አምጥታለች፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጣም ያለ ችግር ታነባለች። ከመሥሪያ ቤቷ አሜሪካውያን ጋር ስብሰባ በገባች ቁጥር ግን «ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ያሉት ግን አይገባኝም» እያለች ትመለሳለች። አሁን ሁለት የፈሊጥ መጻሕፍት ገዝታ በቀን አሥር አሥር ፈሊጥ ትሸመድዳለች። በመጪው ሚያዝያ ለሥራ ወደ ሲያትል ትዛወራለች። የያዘችው መንገድ ያዋጣል? ቶኢኩን ደግማ ብትፈተንስ ይጠቅማታል? እኔስ በምን ላግዛት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ችግሯን ከማንም መምህር በተሻለ ገልጻዋለች። ቶኪዮ ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ከፍተኛ ነጥብ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይነግሩኛል። የማስበውን አስቀድሜ ልንገርህ። ባለቤትህ የቃላት ድኻ አይደለችም። ያሏትን ቃላት ግን የተማረቻቸው ነጠላ ነጠላውን፣ በዓይኗ፣ እያንዳንዱን ከአንድ የጃፓንኛ ፍቺ ጋር አጣብቃ ነው። አሁን የሚያስፈልጋት እነዚያኑ ቃላት በጆሮዋ፣ አብረዋቸው ከሚውሉት ቃላት ጋር፣ እንደ አዲስ መተዋወቅ ነው። በቀን አሥር ፈሊጥ መሸምደዱን ዛሬውኑ ብታቆመው ደስ ይለኛል።

እዚህ የደረሰችው በስንፍና አይደለም። የጃፓን ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን ለረጅም ዘመን ያስተማሩት «ያኩዶኩ» በሚባለው ዘዴ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ወደ ጃፓንኛ እየመለሱ ማንበብ። ሥሩ የጥንት ጃፓናውያን የቻይናን ጽሑፍ ሲያነቡ ከተከተሉት ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይመጣል፤ ከፈተናው ጋር «ታንጎቾ» የሚሉት የቃላት መጽሐፍ ይመጣል፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላው ፍቺው። ባቡር ውስጥ ገጹን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነው የሚሸመድዱ ተማሪዎችን ሳታይ አልቀረህም፤ ፍቺው በቀይ ቀለም ስለሚታተም ከፕላስቲኩ በታች ይጠፋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥርዓተ ትምህርቱ ከመካከለኛና ከሁለተኛ ደረጃ በድምሩ ወደ 3000 ቃላት ይጠብቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ግን አንደኛ ደረጃን ጨምሮ ከ4000 እስከ 5000 ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ለማንበብ ጠንካራ መሠረት ነው፤ ባለቤትህ ጋዜጣ የምታነበውም በዚሁ ነው።

የስብሰባው ቋንቋ ሌላ ነው። በሜይጂ ጋኩይን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቻርልስ ብራውን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 የተደጋጋሚ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከዚሁ ሥራ የተገኘው የንግግር ዝርዝር 721 ቃላት ብቻ ይዞ ከዕለት ተዕለት ንግግር 90 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በነፃ ስለሚገኝ አውርደህ ብታሳያት፣ የማታውቀው ቃል አንድም ላይኖር ይችላል። «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ከም»፣ «ራን»፤ ሁሉም ገና በልጅነቷ የተማረቻቸው ናቸው። ፈተናው ያለው እዚህ ነው። «ራን» ለእሷ መሮጥ ነው፤ አለቃዋ «ዊ ራን ኢንቱ ኤ ፕሮብለም» ሲል ግን የሮጠ ሰው የለም፤ እክል ገጠመን ማለቱ ነው። «ኢት ከምስ ዳውን ቱ ፕራይስ» ሲል የሚወርድ ነገር የለም፤ ዞሮ ዞሮ ወሳኙ ዋጋው ነው ማለቱ ነው። በመጽሐፍ «ፖስትፖን»፣ «ኢንቨስቲጌት»፣ «ቶለሬት» የሚሉትን ከባድ ቃላት አጥንታለች፤ ስብሰባው ውስጥ የሚነገሩት ግን «ፑት ኦፍ»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ናቸው። አንዱን ቀን መግፋት፣ ሁለተኛውን ማጣራት፣ ሦስተኛውን መታገሥ በለው። የምታውቃቸው ቀላል ቃላት ተጣምረው የማታውቀው ነገር ሆኑባት። «ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ያሉት ግን አይገባኝም» ያለችው ይህንኑ ነው።

ብዙውን ጊዜዋን የምታውልበት እንግዲህ እነዚህ ግሥና ቅጥያ አንድ ላይ የሚሄዱባቸው አነጋገሮች ናቸው። ደስ የሚለው ነገር የጃፓንኛ ተናጋሪ ለዚህ ባዶ እጁን አይመጣም። ጃፓንኛ በጥምር ግሦች የተሞላ ቋንቋ ነው፤ እኛ «በልታ ጨረሰች» ብለን በሁለት ግሥ የምንለውን እነሱ «ታቤኪሩ» ብለው በአንድ ይቋጩታል። «ታቤ» መብላት ነው፤ «ኪሩ» ለብቻው መቁረጥ ሲሆን ሲጣመር እስከ መጨረሻው ማድረስን ያሳያል። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ «አፕ» ይሠራል፦ «ታቤኪሩ» «ኢት አፕ»፣ በልቶ መጨረስ ነው፤ «ጹካይኪሩ» ደግሞ «ዩዝ አፕ»፣ ማለትም ተጠቅሞ መጨረስ። «ዳሱ» የሚለው ቅጥያ ከ«አውት» ጋር ይገናኛል፦ «ቶቢዳሱ» ዘሎ መውጣት፣ «ጀምፕ አውት»፤ «ኦይዳሱ» ማባረር፣ «ኪክ አውት»። «ካኤሱ» ከ«ባክ» ጋር፦ «ኢይካኤሱ» መልሶ መናገር፣ «ቶክ ባክ»፤ «ኦኩሪካኤሱ» መልሶ መላክ፣ «ሴንድ ባክ»። «ናኦሱ» አሜሪካውያን ከሚሉት «ኦቨር» ጋር ይገናኛል፦ «ያሪናኦሱ» እንደገና መሥራት፣ «ዱ ኦቨር»። «ማዋሩ» ደግሞ ከ«አራውንድ» ጋር፦ «አሩኪማዋሩ»፣ «ዎክ አራውንድ»።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳሳይ ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ፤ እስከዚያ ድረስ «አፕ» እና «አውት» ያለ ምክንያት የተበተኑ ይመስሏቸው ነበር። ባለቤትህ አንድ ምሽት ቁጭ ብላ የራሷን ቋንቋ ጥምር ግሦች ታስብና አቻቸውን ትፈልግ። ሁሉም እንደማይገጥሙ ግን ቀድማ ትወቅ። «ጊቭ አፕ»ን ወይም «ፑት አፕ ዊዝ»ን በዚህ መንገድ መፍታት አይቻልም፤ እነዚያን እንዳሉ፣ ሙሉውን ሐረግ ይዞ መልመድ ነው።

አሁን ወደ ፈሊጥ መጻሕፍቱ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ፈሊጦችን በርዕስ ይሰበስባሉ፤ በአንድ ገጽ ስለ እጅ፣ በሚቀጥለው ስለ እንስሳት። ለዓይን ያምራል፤ ለማስታወስ ግን ይጎዳል። በጃፓን ያስተማረው ሮብ ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ላይ ጃፓናውያን ተማሪዎች በትርጉም የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ላይ ሲያጠኑ፣ የማይገናኙ ቃላትን ካጠኑበት ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ ተመሳሳዮቹ እርስ በርስ ይምታታሉና። አሥር የእጅ ፈሊጥ በአንድ ቀን የሸመደደ ሰው በሳምንቱ የትኛው እጅ ምን እንደሚል ይጠፋበታል።

ሁለተኛው ጉድለት ምርጫው ነው። ከባድ ዝናብን በድመትና በውሻ የሚገልጸውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ጃፓን ውስጥ ያልተማረ የለም፤ በዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን የሚጠቀምበትን ሰው ለማግኘት ትቸገራለህ። ስለዚህ ፈሊጦቹን ለሁለት ትክፈላቸው፤ ሲነገሩ የምታውቃቸውና ራሷ የምትናገራቸው። ያሸበረቁት ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ይቅሩ። ከአንደበቷ ሊወጡ የሚገባቸው ያን ያህል ፈሊጥ የማይመስሉት፣ ቀን በቀን የሚመላለሱት ናቸው፦ «ኢት ዲፔንድስ»፣ እንደ ሁኔታው ነው፤ «ኢትስ አፕ ቱ ዩ»፣ ያንተ ፈንታ ነው፤ «ኪፕ ሚ ፖስትድ»፣ የደረሰበትን አሳውቀኝ፤ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ»፣ ለዛሬ ይብቃን። በተለይ «አይም ጉድ»ን ትልመደው። ቡና ልቅዳልሽ ሲሏት «አይም ጉድ» ካለች፣ አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ጃፓናውያን እዚያው ቦታ ላይ «ዳይጆቡ ዴስ» ይላሉ፤ ደህና ነኝ በማለት በጨዋነት እምቢ ይላሉ። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ከባዕድ ቋንቋ ወደ ጃፓንኛ የገቡት ቃላት ሰፊ ሀብት ናቸው፤ አደጋም አላቸው። በጃፓን ያስተማረው ፍራንክ ዶልተን የተባለው ተመራማሪ ከ3000 በጣም ተደጋጋሚ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በአንድ ወይም በሌላ መልክ ጃፓንኛ ውስጥ በውሰት እንደሚገኙ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ስንቅ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ መካከል በመንገድ ላይ ትርጉማቸው የተለወጠ፣ ጭራሹንም ጃፓን ውስጥ የተፈጠሩ አሉ፤ «ዋሴይ ኤይጎ» ይሏቸዋል፣ ጃፓን ሠራሽ እንግሊዝኛ። በስብሰባ ላይ ሰውን የሚጥሉት እነዚህ ናቸው፤ ተናጋሪው እንግሊዝኛ እንደተናገረ እርግጠኛ ነውና አይጠራጠርም።

ባለቤትህ ልትጠነቀቅባቸው የሚገቡትን ጥቂቶቹን ልጥቀስልህ። በጃፓንኛ «ኩሬሙ» የደንበኛ ቅሬታ ነው፤ አሜሪካዊ «ክሌይም» ሲሰማ የመድን ወይም የመብት ጥያቄ ይታሰበዋል፤ የምትፈልገው ቃል «ኮምፕሌይንት» ነው። «ቴንሾን ጋ ታካይ» ሞቅ ያለው፣ የደስ ደስ የተሞላ ሰው ነው፤ «ማይ ቴንሽን ኢዝ ሃይ» ብትል ግን ውጥረት ገጥሟታል ብለው ያዝኑላታል። «ናኢቡ» በጃፓንኛ ልቡ ስስ የሆነን ሰው በበጎ ይገልጻል፤ በእንግሊዝኛ አንድን ባልደረባ «ናይቭ» ማለት ዓለም ያልገባው የዋህ ነው ብሎ መንቀፍ ነው። «ሱማቶ» ቀጠን ያለ ቁመና ነው፤ «ስማርት» ጎበዝ ነው። «ሳቢሱ» ያለ ክፍያ የሚሰጥ ምርቃት ነው። «ፒኩ አፑ» ከብዙ ውስጥ መምረጥ ነው፤ «አይል ፒክ ዩ አፕ» የሚላት ሰው ግን በመኪና መጥቶ ሊወስዳት ነው። «ቻሬንጂ» መሞከር ነው፤ «አይል ቻሌንጅ ዚስ ፕሮጀክት» ብትል ፕሮጀክቱን ልትቃወም የተነሣች ይመስላል። «ማንሾን» ተራ አፓርታማ መሆኑን አንተም እዚያው ስለምትኖር ታውቀዋለህ፤ ሲያትል ውስጥ «ማንሽን» አለኝ ካለች ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት ያላት ባለጠጋ ትመስላቸዋለች።

በጃፓንኛ ስታወራ የምትጠቀምባቸውን እንዲህ ያሉ ቃላት ከሚያዝያ በፊት አንድ በአንድ ትፈትሽ። ይህን ሥራ ከሁሉም ታስቀድም እላለሁ፤ ያልተሰማን ነገር መልሶ መጠየቅ ይቻላል፣ ተሳስቶ የተሰማ ግን ተሳስቶ ይቀራል።

የአካል ክፍሎች ፈሊጥም እንዲሁ ነው። ጃፓንኛ በዚህ በኩል ከአማርኛ ጋር የሚገርም ቅርበት አለው፤ የሰውን ውስጠ ልብ በሆድ ያስቀምጣል። «ሃራ ኦ ዋሩ» ሆድን ሰንጥቆ ማሳየት ነው፤ እኛ ሆድ ለሆድ ተጫወትን እንደምንለው፣ ሳይደብቁ መነጋገር። «ፉቶፓራ» ወፍራም ሆድ፣ ማለትም ቸርና ሆደ ሰፊ። አንተ ለባለቤትህ እነዚህን በቀላሉ ትረዳላታለህ፤ እንግሊዝኛው ግን ምስጢሩን ከሆድ ሳይሆን ከደረት ያወጣዋል፤ «ጌት ኢት ኦፍ ዩር ቼስት» ይላል። እጅ መስጠት ለእኛ መሸነፍ ነው፤ «ጊቭ ኤ ሃንድ» ማገዝ ነው፤ የጃፓኑ «ቴ ኦ ካሱ»፣ እጅ ማበደር፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ይገጥማል። ክፉኛ የሚያሳስተው ግን «አሺ ኦ ሂፓሩ» ነው። ቃል በቃል እግር መጎተት ነው፤ በጃፓንኛ የሌላውን ሥራ ማሰናከልን፣ ቡድኑን ወደ ኋላ መጎተትን ያመለክታል። አሜሪካዊ ባልደረባዋ ከቀልድ በኋላ «አይም ጀስት ፑሊንግ ዩር ሌግ» ቢላት፣ እየቀለድኩብሽ ነው ያለውን ሰው ሥራዬን ሊያሰናክል ነው ብላ ልትረዳው ትችላለች። ቅያሜ እንኳ ሊያስነሳ ይችላል።

ሲያትል ካልክ ዘንዳ ስለ ቤዝቦል ሳልጽፍ አልቀርም፤ እኔ ለጃፓን ተማሪዎች ከሁሉ የሚያስደስት በር የምለው ይህን ነው። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ በቤዝቦል ቃላት የተሞላ ነው፤ እኔና አንተ ከእግር ኳስ አገር ስለመጣን ለየት ይሉብናል። ጃፓን ግን ጨዋታውን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው፤ ሆሬስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ኋላ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ አስተማራቸው። ዛሬ በየክረምቱ ኮሺየን የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ውድድር አገሩን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጣል። ዝነኛው ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪም እ.ኤ.አ. በ2001 የሄደው ወደዚያችው ሲያትል፣ ማሪነርስ ወደሚባለው ቡድን ነበር። ስለዚህ ባለቤትህ ጨዋታውን ባትወደው እንኳ ደንቡን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ቃሉን ስትሰማ ሜዳው ይታያታል።

«ረይን ቼክ» የተነሣው ዝናብ ጨዋታውን ሲያቋርጠው ተመልካቹ ለሌላ ቀን እንዲገባበት ከሚሰጠው ትኬት ነው፤ ዛሬ እራት ተጋብዞ «ካን አይ ቴክ ኤ ረይን ቼክ?» የሚል ሰው ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ ይላል። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለሚከብደው ጃፓናዊ ከዚህ የተሻለ ሐረግ አላውቅም። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምታዊ ቁጥር ነው፤ ቦልፓርክ የሚሉት ስታዲየሙን ነው፤ ኳሱ ቢያንስ ከቅጥሩ አልወጣም እንደማለት። «ተች ቤዝ» አጠር አድርጎ ተገናኝቶ መነጋገር፣ «ኦፍ ቤዝ» ከእውነት የራቀ፣ «ስቴፕ አፕ ቱ ዘ ፕሌት» ኳስ መቺው ከሚቆምበት ሰሌዳ ጎን እንደሚቆመው ኃላፊነቱን ለመውሰድ ወደፊት መውጣት። ጃፓንኛም ራሱ ከዚሁ ሜዳ ቀድቷል፤ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በሥልጣኑ ሲቀጥል ጋዜጦቹ «ዞኩቶ» ይላሉ፣ ኳስ መወርወሩን ቀጠለ። በሙሉ ኃይል መሥራት «ዜንሪዮኩ ቶኪዩ» ነው። አንዱን ግን ትለየው። «ሄንካኪዩ» የሚባለው ጠማማ ኳስ በጃፓንኛ በዘወርዋራ መንገድ መናገርን ይገልጻል፤ የአሜሪካኑ «ከርቭ ቦል» ግን ያልተጠበቀ ፈተና ወይም ጥያቄ ነው። በቡድኗ እንግሊዛዊ ወይም ህንዳዊ ካለ ደግሞ ይህ ሁሉ ላይገባው ይችላል፤ የእነሱ ፈሊጥ ከክሪኬት ነው የሚቀዳው።

የቀረው ጆሮ ነው፤ ያለ ጆሮ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ጃፓንኛ እያንዳንዱን ድምፅ በእኩል ምት ይቆጥራል፤ በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል የሆነው «ስትራይክ» በጃፓንኛ አምስት ምት ይሆናል፤ ሱ፣ ቶ፣ ራ፣ ኢ፣ ኩ። አማርኛ ሳድስ ስላለው እኛ ይህን ያህል አንቸገርም። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ያልተጫነበትን ሁሉ ይውጣል፤ «ቼክ ኢት አውት» ከአሜሪካዊ አፍ «ቼኪራውት» ሆኖ ይወጣል። ባለቤትህ በዓይኗ የምታውቃቸው ሦስት ቃላት በጆሮዋ አንድ እንግዳ ቃል ሆኑ ማለት ነው። ቶሳ ከተባለው የጃፓን ግዛት የወጣው ታዳጊ ዓሣ አጥማጅ ናካሃማ ማንጂሮ ይህን ገና ድሮ ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በማዕበል ተወስዶ ከባልደረቦቹ ጋር ደሴት ላይ ሲቀር የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አነሣው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኖሮና ተምሮ በ1851 ወደ ጃፓን ተመለሰ፤ በ1859 ደግሞ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ቋንቋውን ያገኘው ከሰው አፍ ስለነበር ቃላቱን የያዛቸው እንደሰማቸው ነው፤ «ዋተር» ለእሱ «ዋራ»፣ «ሰንዴይ» ደግሞ «ሳንሬ» ነበር። ዛሬ ጃፓናውያን የባዕድ ቃላትን የሚጽፉበት የካታካና ፊደል አጻጻፍ ከዚህ ይርቃል፤ አሜሪካዊው አፍ ግን ወደ ማንጂሮ ይቀርባል።

ስለዚህ የምታጠናው ሐረግ ሁሉ ድምፅ ይኑረው። ዩግሊሽ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሐረጉን ስትጽፍ ሰዎች በቪዲዮ ውስጥ ሲናገሩት ታገኘዋለች፤ አምስት ስድስት ተናጋሪ ትስማ። የኤንኤችኬ ሬዲዮ የ15 ደቂቃ የእንግሊዝኛ ትምህርቶችም በስልክ መተግበሪያው ይሰማሉ፤ ማብራሪያቸው በጃፓንኛ ስለሆነ ለእሷ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ «ሻዶዊንግ» ነው፤ ተናጋሪውን በግማሽ ቃል ልዩነት እየተከተሉ ጮክ ብሎ መድገም። አጭር ቁራጭ፣ አንድ ደቂቃ የማትሞላ፣ በየቀኑ እስክትለሰልስ ድረስ። ረጅም ፊልም ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ማየት ያዝናናል፤ ጆሮን ግን በዚህ ልክ አይገራም፣ ዓይኗ ጽሑፉን አንብቦ ይጨርሰዋልና።

ደብተሯንም ትለውጥ። «ፑት ኦፍ» ብላ በጎኑ የጃፓንኛ ፍቺ መጻፉን ትተው፤ «ሌትስ ፑት ኢት ኦፍ ቲል ፍራይዴይ» ብላ ሙሉውን፣ ማን ለማን ምን ጉዳይ ላይ እንዳለው ጭምር ትጻፍ። አለቃ ለበታች ያለው ነገር በታች ለአለቃ ላይባል ይችላል፤ «ኬይጎ»ን፣ የአክብሮት ቋንቋን፣ የምታውቅ ጃፓናዊት ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች። ይህ ቃልን ከጎረቤቱ ጋር የመመዝገብ ሐሳብ፣ ብታምንም ባታምንም፣ ትልቅ ቅርጽ የያዘው እዚሁ ቶኪዮ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ጃፓን መጥቶ በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ምርምር ተቋም መሠረተ፤ አብረው የሚሄዱ ቃላትን መሰብሰብ ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። በ1924 ኪዩሹ ውስጥ ለማስተማር የመጣው አልበርት ሆርንቢ ይህን ሥራ ወርሶ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ጦርነቱ መካከል፣ በ1942፣ ካይታኩሻ የተባለው የቶኪዮ አሳታሚ አተመው። በ1948 ኦክስፎርድ እንደገና ያሳተመው ይኸው ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከዚያ ወጣ። ለጃፓን ተማሪዎች ችግር ተብሎ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ባለቤትህ ብትገለገልበት ርስቷ ነው።

በቀን ሁለት ሐረግ ይበቃታል፤ ሁለቱም ከሰማችው ስብሰባ ወይም ከደረሳት ኢሜይል የተወሰዱ ይሁኑ። እንደ አንኪ ባለው የቃል ካርድ ፕሮግራም ስታስገባቸው በካርዱ ፊት ዓረፍተ ነገሩን አንድ ቦታ ባዶ ትታ ትጻፍ፣ ድምፁንም ትጨምርበት። ፍቺ ከፍቺ የሚያዛምድ ካርድ እንደገና ወደ ታንጎቾው ይመልሳታል።

አንተን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ ላንተም ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ አያሳስብህ። እራት ላይ እያንዳንዱን ስህተቷን አታርም፤ ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ የደከመ ሰው ቤቱም ክፍል እንዲሆንበት አይፈልግም። ይልቅ «ዛሬ ያልገባሽ አንድ ነገር ምን ነበር?» ብለህ ጠይቃት፤ የሰማችውን ድምፅ እንደሰማችው ትበልልህ፣ አብራችሁ ፈልጉት። የተገኘው ሐረግ በሚቀጥሉት ቀናት በጨዋታችሁ መካከል ይመላለስ። ከባልና ሚስት የዕለት ወሬ የተሻለ መልመጃ የለም።

ሌላም ልታስተውላት የምትችለው ነገር አለ። ጃፓናውያን ሲያዳምጡ «አይዙቺ» ያሰማሉ፤ «ሃይ፣ ሃይ» እያሉ ራስ መነቅነቅ። ይህ እየሰማሁህ ነው እንጂ ገባኝ ወይም ተስማማሁ ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ግን እሺታ አድርጎ ይወስደውና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ሐረግ በአፏ ላይ ዝግጁ ሆነው ይጠብቋት፦ «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ካች ዛት» ላልተሰማ ነገር፤ «ዌን ዩ ሴይ እንዲህ፣ ዱ ዩ ሚን እንዲያ?» ደግሞ ተሰምቶ ላልገባ። ሁለተኛው በተለይ ያስከብራል፤ ተናጋሪው በቀላል ቃል ደግሞ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል፣ እሷም አዲሱን ፈሊጥ ከነፍቺው በነፃ ትወስዳለች።

የቶኢኩን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። ፈተናው በጃፓኖች ጥያቄ በአሜሪካ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ነው። ባለቤትህ የወሰደችው የማዳመጥና የንባብ ፈተና 200 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ሲሆን ከ990 ይታረማል፤ ሁሉም ምርጫ ነው፣ የሚናገር አፍ አይጠይቅም። በ870 ላይ ያለ ሰው ወደ 900 ለመድረስ የሚያጠፋው ወራት በአብዛኛው የፈተናውን ባሕርይ ለመልመድ ነው የሚውለው። መሥሪያ ቤቷ ለደረጃ ዕድገት የግድ ካላላት፣ እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ለጆሮዋ ትስጠው። የግድ ፈተና ካስፈለጋት ለብቻው የሚሰጠውን የቶኢክ የንግግርና የጽሑፍ ፈተና ትመዝገብ፤ እሱ ቢያንስ አፏን እንድትከፍት ያደርጋታል።